የሚያስቀን ሰው ቁም ነገር ሲይዝ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለዓመታት ሲያስቀን የኖረ ተዋናይ ልጁን የቀበረ አባት ወይም ምሕረት የለሽ ወንጀለኛ ሆኖ ሲመጣ፣ ፊልሙ ሳይጀመር ፍርዱ ያልቃል። «እሱን ደግሞ ማን ከምሩ ነው ብሎ ያየዋል?» ይባላል። ተራ አስተያየት ይመስላል እንጂ ስንቱን ባለሙያ ሥራ ያሳጣ፣ እኛንም ስንት ድንቅ ትወና ያስቀረብን አባባል ነው። ደጋግመው የሚነሱትን አመለካከቶች አንድ በአንድ ላንሳቸው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ማሳቅ ቀላል ነው፤ እውነተኛው ትወና ድራማ ነው»

የሌሎቹ ሁሉ ሥር ይህ ነው። ጥሩ ኮሜዲ ልፋቱ አይታይም፤ ስለማይታይም ልፋት የለውም ተብሎ ይታሰባል። እስቲ መድረክ ላይ ያለን ተዋናይ ልብ ብለን እንየው። አንድ ነገር ተናገረ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ቀጣዩን ንግግር ሳቁ ሳይበርድ ከጀመረው ማንም አይሰማውም፤ ሳቁ ጨርሶ እስኪጠፋ ከጠበቀ ደግሞ ትዕይንቱ ይቀዘቅዛል። ሳቁ መውረድ ጀምሮ ገና ሳያልቅ ያለችውን ቅጽበት መያዝ አለበት፤ ያውም ከገጸ ባሕርዩ ሳይወጣ፣ ሳቁን የሰማ ሳይመስል። ይህችን ቅጽበት በየምሽቱ፣ በተለያየ ተመልካች ፊት መልሶ ማግኘት ከባድ ሙያ ነው። በድራማ ልቡ የተነካ ተመልካችም የሰለቸው ተመልካችም ዝም ስለሚሉ ተዋናዩ ለጊዜውም ቢሆን መሸሸጊያ አለው። ኮሜዲ ላይ መሸሸጊያ የለም።

ከዚህም በላይ፣ በጥሩ ኮሜዲ ውስጥ ያለ ገጸ ባሕርይ አስቂኝ መሆኑን አያውቅም። የጠፋ ባርኔጣውን የሚፈልግ ሰው የሚያስቀን ባርኔጣውን የሞት ሽረት ጉዳይ አድርጎ ሲፈልገው ነው። ተዋናዩ «አያችሁልኝ?» እያለ ከጠቀሰን ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። ፍላጎትን፣ ፍርሃትን፣ ኀፍረትን የእውነት አድርጎ መያዝ ደግሞ የድራማ ተዋናይ የሚሠራበት መሣሪያ ነው። ሁለቱ የሚለያዩት በመሣሪያው ሳይሆን በሚደርሱበት ቦታ ነው።

ክርክሩ የዛሬ አይደለም። የፕላቶ «ሲምፖዚየም» ወደ ማብቂያው ሲደርስ፣ ሊነጋ ሲል፣ ሶቅራጥስ ለትራጀዲ ጸሐፊው ለአጋቶንና ለኮሜዲ ጸሐፊው ለአሪስቶፋነስ አንድ ሰው ሁለቱንም መጻፍ መቻል እንዳለበት ሲያስረዳ እናገኘዋለን። እነሱ ግን እንቅልፍ አሸነፋቸው። ነገሩ የተባለው ስለ ጸሐፊ ቢሆንም ለተዋናይም ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

«ሳቅና እንባ በአንድ ፊት ላይ አይውሉም»

ቻርሊ ቻፕሊን በ1921 «ዘ ኪድ» በተባለው ፊልሙ ይህን ያለ አንድ ድምፅ መልሶታል። ያሳደገውን ልጅ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ሊወስዱት በመኪና ላይ ጭነውታል፤ ልጁ እጁን ዘርግቶ ያለቅሳል። ቻፕሊን በቤቶች ጣሪያ ላይ እየሮጠ መኪናዋን ይከተላል፤ ዘሎ ይገባባታል፤ ልጁን አቅፎ ይስመዋል። ያው ትንሽ ጺም፣ ያው ሰፊ ሱሪ፣ ያው ስናየው የምንስቅበት አለባበስ ነው፤ ከልብሱ ላይ አንዲት ክር አልተለወጠችም። በዚያች ደቂቃ ግን የሚስቅ ሰው የለም።

«በአንድ ዓይነት ሚና የታጠረ ተዋናይ ሌላ ስለማይችል ነው»

ይህ በጣም የሚያሳዝነኝ ነው፤ ጥፋቱን ሁሉ በተጎጂው ላይ ስለሚጥል።

ብራያን ክራንስተንን እንውሰድ። ከ2000 እስከ 2006 «ማልኮም ኢን ዘ ሚድል» በተባለው የቴሌቪዥን ኮሜዲ ላይ ሃል የሚባለውን ቀልቃላ አባት ሆኖ ተጫወተ። ከዚያ «ብሬኪንግ ባድ» የተባለው ተከታታይ ድራማ ፈጣሪ ቪንስ ጊሊጋን በካንሰር ታሞ ወደ አደንዛዥ ዕፅ ማምረት ለሚገባው የኬሚስትሪ መምህር ሚና አጨው። የቴሌቪዥን ጣቢያው ኃላፊዎች አመነቱ፤ በዓይናቸው የሚታያቸው ያ በውስጥ ሱሪ የሚንጎራደደው አባት ነበር። ጊሊጋን ግን ክራንስተንን ከሃል በፊት ያውቀው ነበር። በ1998 ራሱ በጻፈው «ኤክስ ፋይልስ» የተባለ ተከታታይ ድራማ አንድ ክፍል ላይ በጥላቻ የተሞላ፣ ነገር ግን በሥቃዩ የምናዝንለት ሰው ሆኖ ተጫውቶለታል። ያንን ክፍል አውጥቶ አሳያቸው፤ እነሱም አይተው ተስማሙ። ክራንስተን በመምህሩ ሚና በምርጥ መሪ ተዋናይነት አራት ጊዜ ኤሚ የተባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ወሰደ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ችሎታው በ1998ም ነበረ፤ በ2005ም ነበረ። የጎደለው የሚያስታውስለት ሰው ነበር። ያ የአንድ ምሽት ክፍል ባይቀረጽ፣ ጸሐፊውም ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ክራንስተንን የምናውቀው በሃል ብቻ ይሆን ነበር። እንዲህ ያለ ማስረጃ የሌላቸው ስንቶች እንደቀሩ ሳስብ ይቆጨኛል።

አጥሩን የሚሠራው አንድ ክፉ ሰው አይደለም። ፊልም ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ ስለዚህ ፕሮዲዩሰሩ የታወቀን ፊት በታወቀ ሚና ማቅረብ ይመርጣል። ተዋናይ መልማዩ ጊዜ ስለሌለው የሰውየውን የመጨረሻ ሥራ አይቶ ይወስናል። ተዋናዩም ቤተሰብ አለውና የመጣለትን ይቀበላል። እያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው፤ ሲደራረብ ግን መውጫ ያሳጣል። ቀድሞ በሆሊውድ ነገሩ በውል የታሰረ ነበር። ስቱዲዮዎች ተዋንያንን ለሰባት ዓመት ያስፈርሙ ነበር፤ የተሰጠውን ሚና «አልፈልግም» ያለ ይታገዳል፤ የታገደበት ጊዜም በውሉ ላይ ይጨመርበታል። የደግና የዋህ ልጃገረድ ሚና የሰለቻት ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ ስቱዲዮዋን ፍርድ ቤት አቁማ በ1944 የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሰባት ዓመት ማለት በቀን መቁጠሪያ ሰባት ዓመት ነው ብሎ ፈረደላት። ከዚያ በኋላ በመረጠቻቸው ሚናዎች ሁለት ጊዜ ኦስካር አገኘች። እርሷ ኮሜዲያን አልነበረችም፤ አጥሩ ግን ያው ነው።

«ቁም ነገር ለመጫወት ኮሜዲያኑ ቀልዱን ሁሉ ትቶ መምጣት አለበት»

ብዙ ኮሜዲያን የሚወድቁት ይህን ምክር ሰምተው ነው። ፊታቸውን ያጨፈግጋሉ፣ ንግግራቸውን ያንዛዛሉ፣ በገጸ ባሕርዩ ውስጥ ያለውን ሕይወት ሁሉ ያጠፉታል። ከዚያ «አየህ፣ ድራማ አይሆንለትም» ይባላሉ።

ኮሜዲያኑ ሮቢን ዊልያምስ በ1997ቱ «ጉድ ዊል ሀንቲንግ» ያደረገው ሌላ ነው። ዊልያምስ በመድረክ ላይ ትንፋሽ በማያስወስድ ፍጥነቱ የታወቀ ሰው ነበር። በዚህ ፊልም ግን በሐይቅ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ፣ የሞተች ሚስቱን አንስቶ ከሰደበው ወጣት አጠገብ ተቀምጦ ለደቂቃዎች በዝግታ ያወራል። ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ አይሳደብም። በመጽሐፍ ያነበቡትን ማወቅና በሕይወት የደረሰን ነገር ማወቅ የተለያዩ መሆናቸውን ይነግረዋል። ያ ሁሉ ፍጥነት ውስጡ ታምቆ እንዳለ ስለምናውቅ ዝግታው ይከብዳል።

በሌላ ትዕይንት ደግሞ ሚስቱ ተኝታ ሳለች ታደርገው የነበረውን አንድ የሚያስቅ ነገር ሲያነሳ ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ። ናፍቆቱ የሚመጣው ከዚያ ሳቅ ተከትሎ ነው። ቀልዱን ትቶ ቢመጣ ኖሮ ይህን በር ማን ይከፍትለት ነበር? ለዚህ ሚና በረዳት ተዋናይነት ኦስካር ተሸለመ።

«ኮሜዲያን ሁሉ ውስጡ ያዘነ ነው፤ ድራማ የሚሳካለትም ለዚህ ነው»

«ጥርስ ባዳ ነው» ይባላል፤ ከሐዘን ጋር የሚስቅ ሰው መኖሩም እውነት ነው። ይህን የሁሉም ኮሜዲያን የሕይወት ታሪክ ማድረግ ግን በደል ነው። ዊልያምስ በ2014 ሕይወቱ ሲያልፍ ብዙዎች ይህንኑ ተረት ደገሙ። በአስከሬን ምርመራ የተገኘው ግን የአንጎልን ሥራ የሚያውክ ሌዊ ቦዲ የተባለ ሕመም ነበር። ቁም ነገር መጫወቱም ከቁስል ብቻ የፈለቀ አልነበረም፤ በ1970ዎቹ በኒው ዮርክ ጁሊያርድ ትምህርት ቤት ትወናን የተማረ ሰው ነው። ችሎታን ሁሉ በሐዘን ስናስረዳ ልፋቱን እንክደዋለን።

«ተመልካቹ ከሳቀ ተዋናዩ ወድቋል»

በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚሰማው ሳቅ ከትወናው ሳይሆን ከትዝታችን የሚመጣ ነው። ለዚህ ከሂው ሎሪ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። እንግሊዞች በ1980ዎቹ በ«ብላክአደር» ኮሜዲ የማያስብ ልዑል ሆኖ ሲጫወት አይተው ስቀውበታል። በ2004 «ሃውስ» በተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ላይ ምሬት የሞላበት ሐኪም ሆኖ ሲመጣ፣ አብዛኛው አሜሪካዊ ተመልካች ልዑሉን አያውቀውም ነበር። ስለዚህ ያየው ሐኪሙን ብቻ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ፊት፤ ልዩነቱ ተመልካቹ ይዞት የመጣው ትዝታ ነው።

አስተዋዋቂዎችም እዚህ ላይ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ቻፕሊን በ1923 «ኤ ውማን ኦቭ ፓሪስ» የተባለ ድራማ ሲያዘጋጅ፣ በፊልሙ ላይ እንደማይተውን መጀመሪያው ላይ በጽሑፍ አሳወቀ። ያም ሆኖ ስሙን አይተው ሊስቁ የመጡ ሰዎች ቅር ተሰኙ። የሚያስቅ ፖስተር ለጥፎ የሚያስለቅስ ፊልም የሚያሳይ ድርጅት ተዋናዩን አሳልፎ ይሰጠዋል።

«አንድ የተሳካ ሚና አጥሩን ለዘለቄታው ያፈርሰዋል»

ሌስሊ ኒልሰን ተቃራኒውን ኖሮታል፤ እርሱ የተጓዘው ከድራማ ወደ ኮሜዲ ነው። በ1956 «ፎርቢድን ፕላኔት» ላይ የጠፈር መርከብ አዛዥ ነበር፤ ከዚያም ከሃያ ዓመት በላይ በቁም ነገር ሚናዎች ሠርቷል። በ1980 «ኤርፕሌን» የተባለው ኮሜዲ ፊልም አዘጋጆች ሆን ብለው የድራማ ፊት ያላቸውን ተዋንያን ሲፈልጉ እርሱንም መረጡት። ሐኪም ሆኖ የማይረባውን ንግግር ሁሉ ፈገግ ሳይል፣ በሽተኛ ፊት እንደቆመ ሰው ተናገረው። ዓለም በሳቅ ፈነዳ። በ1988 «ዘ ኔከድ ገን» የተባለው ኮሜዲ ተከተለ፤ ከዚያ ወዲያ ለአብዛኛው ተመልካች ኒልሰን ማለት ኮሜዲያን ብቻ ሆነ። ዛሬ የ1956ቱን ፊልም የሚያይ ሰው አዛዡ ትእዛዝ ሲሰጥ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ኒልሰን ግን በሁለቱም ፊልሞች ፊቱን የያዘው በአንድ ዓይነት ቁም ነገር ነው።