በማይክሮፕሮሰሰር የሚሠሩ መሣሪያዎች፦ አነዳደፋቸውና አፈታተሻቸው

በማይክሮፕሮሰሰር የሚሠራ መሣሪያ ስንል ፕሮግራም የተጫነበት ቺፕ፣ ሜሞሪ፣ የኃይል አቅርቦት እንዲሁም ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኙት ሴንሰሮችና ሞተሮች በአንድ ላይ ለአንድ ሥራ የተሰለፉበት ማለታችን ነው። የልብስ ማጠቢያ፣ የመኪና ሞተር መቆጣጠሪያና የጠፈር መንኮራኩር ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

መነሻው ካልኩሌተር ነበር። ቢዚኮም የተባለ የጃፓን ኩባንያ ለካልኩሌተሮቹ ብዙ ዓይነት ቺፖች እንዲሠራለት ኢንቴልን ሲጠይቅ፣ የኢንቴሉ መሐንዲስ ቴድ ሆፍ በፕሮግራም የሚታዘዝ አንድ ዋና ቺፕ ይሻላል አለ። ፌዴሪኮ ፋጂንና ማሳቶሺ ሺማም ሐሳቡን ወደ ቺፕ ለወጡት። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1971 ለገበያ የቀረበው ይህ 4004 የተባለ ማይክሮፕሮሰሰር ወደ 2,300 ትራንዚስተሮች (ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያዎች) ነበሩት። ከዚያ ወዲህ የመሣሪያውን ጠባይ የሚወስነው በአብዛኛው ፕሮግራሙ ሆነ፤ ስሕተቱም አብሮት ወደ ፕሮግራሙ ገባ።

በንድፍ ሥራ ጀማሪን የሚያሰናክለው ብዙውን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ጥቃቅን ነገር ነው። ቺፑ በቅጽበት ብዙ ኃይል ሲስብ ቮልቴጁ ስለሚወርድ፣ ኃይል ከሚገባበት ከየእግሩ (ከየብረት መገናኛው) አጠገብ ትንሽ ካፓሲተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ለአጭር ጊዜ የሚያከማች ክፍል፣ ይቀመጣል፤ የተለመደው 100 ናኖፋራድ ነው። መብራት በሚዋዥቅበት አገር ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። ቮልቴጁ ጨርሶ ሳይጠፋ ዝቅ ብሎ ቢመለስስ? ፕሮሰሰሩ ሥራውን ስቶ ሜሞሪው ላይ የተበላሸ ነገር ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ ቮልቴጁ ከልክ በታች ሲወርድ ፕሮሰሰሩን አስቁሞ የሚይዝ ሰርኪዩት ያስፈልጋል። ይህን የዘለለ ንድፍ እኛ ዘንድ ብዙ አይቆይም።

አዲስ ቦርድ ሲፈተሽ መጀመሪያ ኃይሉ፣ ቀጥሎ ክሎኩ (የሥራውን ምት የሚሰጠው ሲግናል) እና ሪሴቱ (ፕሮሰሰሩን ከመጀመሪያ የሚያስነሳው ሲግናል) ይታያሉ፤ ፕሮግራሙ የሚጫነው ከዚያ በኋላ ነው። ኦሲሎስኮፕ የሲግናሉን ቅርጽ ያሳያል፤ ሎጂክ አናላይዘር ደግሞ የብዙ መስመሮችን 0 እና 1 በጊዜ ቅደም ተከተል ይመዘግባል። የቺፖች እግሮች ከሆዳቸው ሥር ሲደበቁ የመለኪያ መርፌ የሚደርስበት ቦታ ጠፋ። መፍትሔው ቺፑን ራሱን መመርመሪያ ማድረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 መስፈርት ሆኖ የጸደቀው ጄታግ የቺፑን እግሮች በ4 መስመሮች ብቻ ለማንበብና ለማዘዝ አስቻለ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የጊዜ ስሕተት ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ትክክል ሆኖ ሳለ ሥራዎቹ የሚገጣጠሙበት ቅጽበት ብቻ ሲሳሳት። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1997 ማርስ ላይ ያረፈችው የናሳ መንኮራኩር ፓዝፋይንደር ከጥቂት ቀናት በኋላ ኮምፒውተሯ ደጋግሞ ራሱን እንደ አዲስ ማስነሳት ጀመረ። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ የአየር ጠባይ መረጃ የሚሰበስበው ሥራ ቅድሚያው ዝቅተኛ ነው፤ ሆኖም ከፍተኛ ቅድሚያ ያለው ሥራ የሚጠብቀውን የጋራ ቁልፍ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ የሚይዘውን ፈቃድ፣ ይዟል። በመካከል ያለ ሌላ ሥራ ገብቶ ፕሮሰሰሩን ሲይዝ ዝቅተኛው ቁልፉን መልቀቅ አልቻለም፤ ከፍተኛውም ቆሞ ቀረ። ተቆጣጣሪው ሥራ በሰዓቱ አለመጠናቀቁን ሲያይ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሳው።

ይህ ችግር ከማረፏ በፊት በፍተሻ ወቅትም ታይቶ ነበር፤ መሐንዲሶቹ ሊደግሙት ቢሞክሩ ግን እንቢ አላቸው። በኋላ ምድር ላይ ባለው ተመሳሳይ መሣሪያ ደግመው ያገኙት፣ የሥራዎችን ቅደም ተከተል የሚመዘግበውን ክፍል ከፕሮግራሙ ስላላወጡት ነው። ያ መዝገብ ለፍተሻ ብቻ ነው ተብሎ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ፍለጋው በግምት ይሆን ነበር። ማስተካከያው አጭር ነበር፦ ቁልፉን የያዘው ሥራ የጠባቂውን ቅድሚያ ለጊዜው እንዲወርስ የሚያደርገውን፣ ተዘግቶ የቆየውን አማራጭ መክፈት። ትእዛዙ በሬዲዮ ወደ ማርስ ተላከ፤ ለ30 ቀን የታሰበችው መንኮራኩርም እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ድረስ መረጃ ስትልክ ቆየች።