ያልበላ ወይስ ያላበላ?

ባለፈው ሰሞን ሦስት የማከብራቸው ሰዎች ሲከራከሩ ተቀምጬ አዳመጥሁ። መነሻቸው የሕዝብ ገንዘብ አጥፍቷል ተብሎ የተከሰሰ አንድ ባለሥልጣን ነበር፤ ወዲያው ግን ነገሩ ከሰውየው አልፎ ሰው የሚያደርገውን በእውነት መርጦ ያደርጋል ወይስ አስተዳደጉ፣ ችግሩና የሚኖርበት ሥርዓት ተሸክመው ይወስዱታል ወደሚል ጥያቄ ተሻገረ። የመጀመሪያው «በእሱ ወንበር ማንም ቢቀመጥ ያው ነው፤ አባቶቻችንስ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብለው የለ?» አለ። ሁለተኛው ጥፋቱን በሥርዓቱ ላይ ጥሎ፣ ተረቱን ራሱን የፊውዳሉ ዘመን ኑዛዜ አድርጎ ጠቀሰው። ሦስተኛው ስለ ግብረ ገብ መውደቅ ሰፊ ንግግር ካደረገ በኋላ፣ እንዲህ ያለ ተረት ለልጆቹ የሚያወርስ ሕዝብ ሌባ ቢያፈራ ምን ይደንቃል ብሎ ደመደመ። በምርጫም፣ በኢኮኖሚም፣ በሥነ ምግባርም ያልተስማሙት ሦስቱ ሰዎች፣ ተረቱ ስለ ስርቆት የሚናገር ነው በሚለው ላይ ብቻ አንድ ቃል ሆኑ። እኔን ያስቀየመኝ ክርክሩ ሳይሆን ይህ ስምምነታቸው ነው።

መሾምና መሻር ለአማርኛ አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም። ጣጣው ያለው «መብላት» ላይ ነው። ዛሬ ሹም በላ ሲባል የምናስበው በስውር የተወሰደ ገንዘብ ነው። ተረቱ በተወለደበት ዘመን ግን ሹም መብላቱ ስውርም ነውርም አልነበረም፤ ሹመቱ ማለት መብላቱ ነበር። ንጉሡ አንድን መኳንንት አገር ሲሾመው ደመወዝ አይቆርጥለትም፤ ደመወዝ የሚባል ነገር አልነበረም። የሚሰጠው ጉልት ነው፤ ይህም ማለት መሬቱ በርስትነት የገበሬው እንደ ሆነ ይቆያል፣ ከመሬቱ የሚወጣው ግብር ግን የሹሙ ይሆናል። በዚህ ምክንያት የድሮ ሰው «እገሌ ያንን አገር ገዛ» ለማለት «ያንን አገር በላ» ይል ነበር፣ ሲናገረውም እንደ ስድብ አልነበረም። ገበሬው እህሉን፣ ማሩን፣ በጉንና የጉልበት ቀኑን ያወጣል፤ ሹሙም በተራው ይዳኛል፣ የአገሩን ጸጥታ ያስከብራል፣ ክተት ሲታወጅ ሠራዊት ይዞ ይዘምታል። ይህ ሁሉ ደግሞ ዋስትና አልነበረውም። ሹም ሽር የንጉሡ ዋና መሣሪያ ስለ ነበረ፣ ዛሬ ሰፊ አገር የሚበላ ሰው ከርሞ በገዛ ርስቱ ላይ የሚያርስ ተራ ሰው ሊሆን ይችላል።

ይህ ሥርዓት ፍትሐዊ ነበር ማለቴ አይደለም። ገበሬው ከሹሙ በላይ የሹሙን ወታደር ይፈራ እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሩን በደመወዝ ለማሳደር የሞከሩት፣ ዐፄ ምኒልክም እ.ኤ.አ. በ1892 ገበሬው ከምርቱ አሥራት እንዲያወጣና ወታደር በየቤቱ እየተመራ መብላቱ እንዲቀር ያዘዙት ያለ ምክንያት አልነበረም። ይሁንና ግፈኛ ሥርዓት አንድ ነገር ነው፣ ስርቆት ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ሥርዓትን ነቀፍሁ ብሎ ግለሰብን ይወቅሳል፣ ግለሰብን ወቀስሁ ብሎም ሥርዓቱን ነጻ ያወጣል፤ ያን ዕለት ያዳመጥሁት ክርክርም ሲዞር የዋለው በዚሁ ዙሪያ ነበር።

እኔ ይህን ተረት የተማርሁት ከመኳንንት ታሪክ ሳይሆን ከሴት አያቴ ነው። ወንድ አያቴ በዘመናቸው አንድ ዓመት ጭቃ ሹም ነበሩ። ጭቃ ሹምነት ከሹመቶች ሁሉ ታችኛው ነው፤ ስሙ ራሱ ሹመቱ ከእርሻው ጭቃ ያልወጣ መሆኑን የሚናገር ይመስለኛል። በእኛ አገር የሚሾመው ከላይ የተላከ ሰው ሳይሆን ከርስተኞቹ መካከል ተራ የደረሰው ነው። ዓመት ሲሞላ ሹመቱ ወደ ሌላው የአባት ዘር ልጅ ይዞራል፤ ያለ ጥፋት ይሾማል፣ ያለ ጥፋትም ይሻራል። መሻር ማለት ውርደት ሳይሆን ተራ ማለቅ የሆነበት አገር ነበር።

አያቴ ያን ዓመት የምትተርክልኝ እንደ ሰርግ ዓመት ነው። ወንድ አያቴ ጉብታው ላይ ወጥተው «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» እያሉ ሲያውጁ፣ ድምፃቸው ወንዝ ተሻግሮ ይሰማ ነበር አሉ። የግብሩን እህል የሚሰበስቡት፣ የድንበር ጠብ የሚያዩት፣ የበላይ ሹሙ እንደራሴ የሆነው ምስለኔ ሲመጣ የሚቀበሉት እሳቸው ናቸው። ምስለኔው ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ ከነአሽከሩ፣ ከነበቅሎው ይመጣል። ለበቅሎው ገብስ ይቀርባል፣ ለሰዎቹ በግ ይታረዳል፣ የጌሾው መወቀጥና የጋኑ መታጠን ከሳምንት በፊት ይጀመራል። የሹመቱ ጥቅምስ? ጎረቤት በዓመት ጥቂት ቀን ማሳቸውን አርሶ ያርምላቸዋል፤ ከአንዳንዱ ግብርም ነጻ ይሆናሉ። እንግዲህ ሂሳቡን ለሠራው፣ ለእርሻ ቀን የወጣው ጎረቤት ማታ በዚያው ቤት በልቶና ጠጥቶ ስለሚሄድ፣ ከሹመቱ የሚተርፈው እህል ሳይሆን ስም ነው። አያቴ ያን ዓመት ከጓዳ ሳትወጣ እንደ ከረመች ስትናገር ምሬቷና ኩራቷ የማይለዩ ነበሩ። «ጎተራው ባዶ ሆነ፤ ደጃችን ግን ሰው አልጎደለበትም» ትል ነበር።

ተረቱን ከአፏ የሰማሁት እኔ ሕፃን ሳለሁ፣ በ1967 ዓ.ም. መሬት የሕዝብ ከሆነ ከዓመታት በኋላ ነው። የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር የነበረ አንድ የሰፈራችን ሰው ከሥልጣኑ ወርዶ፣ ትናንት የሚሽቀዳደምለት ሰው ሁሉ ሰላምታ ሲነፍገው አየነው። አያቴ እንጀራውን ከምጣድ እያወጣች ራሷን ነቀነቀችና «ሲሾም ያላበላ ሲሻር ይቆጨዋል» አለች። እኔም «ያልበላ ነው እንጂ» ብዬ አረምኋት፤ ቀለም መቁጠር ከጀመርሁ ወዲህ አዋቂ ማረም ልማድ ሆኖብኝ ነበር። እሷ ግን ደግማ «ያላበላ» አለች። የፊት ጥርሶቿ ረግፈው ስለ ነበር ቃሉ የተንሻፈፈባት መስሎኝ ዝም አልሁ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ቃል ማሰብ አልተውሁም፤ ማስረጃዬ አንዲት ጥርስ አልባ አያት መሆኗን እያወቅሁ፣ የተረቱ ጥንተ ነገር እሷ ያለችው እንደ ሆነ አምናለሁ። «ያልበላ» እና «ያላበላ» የሚለያዩት በአንድ ፊደል እንኳ አይደለም፤ ያው ለ ፊደል ሳድስ ወይም ራብዕ በመሆኑ ብቻ ነው። ፈጥኖ በሚነገር አማርኛ ያቺ ራብዕ ልትዋጥ ትችላለች። ከዚህ በላይ የሚያሳምነኝ ግን የነገሩ ባሕርይ ነው። የበላ ሰው ተሽሮ ምን ይቀርለታል? የበላው በልቶ አልቋል፤ እህል ይነቅዛል፣ ማር ይጠጣል። ያበላ ሰው ግን ሲሻር በበላተኞቹ ልብ ውስጥ የተቀመጠ ስንቅ አለው፤ ቀን ሲጎድልበት የሚያርስለት፣ ሲከሰስ የሚመሰክርለት፣ ሲሞት የሚቀብረው ሰው አለው። የተሻረ ሹም የሚቆጨው ሳይበላ የቀረው ጮማ ነው ከሚለኝ ይልቅ ሳያበላ የቀረው ሰው ነው የሚለኝን አምነዋለሁ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለው ተረት የዚህ ወንድም ይመስለኛል።

ትላልቆቹም ሹማምንት ቢሆኑ ከዚህ ሕግ አልወጡም። መኳንንቱ የሰበሰቡትን ግብር መልሰው ግብር ያበሉት ነበር። በዐፄ ምኒልክ አዳራሽ መሳፍንቱ በልተው ሲነሡ ሠራዊቱ በየማዕረጉ እየገባ፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ቀን ጠጅና ብርንዶ ይቀርብለት ነበር። አማርኛ ገበሬው የሚገባውንና ጌታው የሚያበላውን በአንድ ቃል «ግብር» ብሎ መጥራቱን ልብ ይሏል። ቃሉ የመጣው «ገብረ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ ነው፤ ሠራ፣ አደረገ ማለት ነው። ከዚሁ ግንድ ገባር ወጣ፣ ምግባር ወጣ፣ ያ ሦስተኛው ተከራካሪ ወደቀ ብሎ ያለቀሰለት ግብረ ገብም ወጣ። ስለ ኢኮኖሚና ስለ ሥነ ምግባር ለየብቻ መከራከር የሚወድ ሰው ሁለቱን በአንድ እናት የወለደውን ቋንቋ ሲናገር መዋሉን ቢያስተውል መልካም ነበር።

አሁን ወደ መጀመሪያው ተከራካሪ ልመለስ፤ ከሁሉ ይልቅ ተረቱን የበደለው እሱ ነውና። ሰው ምርጫ የለውም ለማለት የጠራው ተረት የሚያበቃው «ይቆጨዋል» በሚል ቃል ነው። ሰው የሚቆጨው ሌላ ማድረግ ሲችል ባላደረገው ነገር ነው። በድርቅ የጠፋ አዝመራ ያሳዝናል እንጂ አያስቆጭም፤ የሚያስቆጨው ዝናቡ ዘንቦ ሳለ ሳይዘራ የታለፈ ማሳ ነው። ስለዚህ ተረቱ በላም በሉት አበላ፣ ሹሙ ሁለት መንገድ ከፊቱ እንደ ነበረው አስቀድሞ ተቀብሏል። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 15 ሰው ፊት እሳትና ውኃ እንደ ቀረቡና እጁን ወደ ወደደው እንደሚሰድድ የሚናገረውን ሐሳብ፣ ይህ ተረት በጓዳ ቋንቋ ደገመው እንጂ አላፈረሰውም። ጥፋቱን በዕድል ማሳበብ ለሚፈልግ ሰው አማርኛ «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» የሚል የተዘጋጀ አባባል አስቀምጦለታል፤ ያንን ትቶ የቁጭትን ተረት መዝረፍ ምን አስፈለገው?

በተጨማሪም ቁጭት ጸጸት አይደለም። ጸጸት ኅሊና ሲከስስ ነው፤ ቁጭት ያመለጠ አጋጣሚ ሲያንገበግብ ነው። ተረቱ «ይጸጸታል» አላለም። ስለዚህም ሦስተኛው ሰው እንዳለው ስርቆትን የሚመክር ክፉ መምህር አይደለም፣ ስርቆትን የሚገሥጽ ደግ መምህርም አይደለም። ሹመት አጭር መሆኑን አይቶ የተሻረ ሰው በደጁ ተቀምጦ የሚያስበውን የሚነግረን ታዛቢ ነው። ምክርና ትዝብትን አለመለየት የብዙ ተከራካሪ ሕመም ሆኗል፤ «እንዲህ ነው» የተባለውን ሁሉ «እንዲህ ይሁን» እንደ ተባለ አድርጎ ይሰማል።

ለሁለተኛው ተከራካሪ ግማሽ እውነት እሰጠዋለሁ። ሥርዓት ሲለወጥ የቃሉ ፍቺ ተለውጧል። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገረ ገዢዎችን ደመወዝተኛ አደረጋቸው፤ በ1958 ዓ.ም. ጉልት በአዋጅ ቀረ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ። ደመወዝ ያለው ሹም ሲበላ የሚበላው የራሱን አይደለምና፣ መብላት ያኔ ስርቆት ሆነ። ቀድሞ የምናውቀው ጉቦና መማለጃ ብቻ ሲሆን፣ ኋላ በግዕዝ ጥፋትና ብልሽት ማለት የነበረውን «ሙስና» አንሥተን አዲስ ሥራ ሰጠነው፤ በ1993 ዓ.ም.ም የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመለት። ሥርዓት ቃልን እንዲህ ይለውጣል። ነገር ግን ተረቱ በንጉሡም፣ በደርግም፣ በገበያውም ዘመን በአፋችን ውስጥ ኖሯል፤ የሊቀ መንበሩን ደጅ ባዶ ያደረገው ፊውዳል አልነበረም። ጉልት ከተሻረ ከስንት ዓመት በኋላ ለተሰረቀ ገንዘብ የጉልትን ተረት ጠበቃ አድርጎ ማቆም ደግሞ በሥርዓት ሊመካኝ አይችልም፤ የተናጋሪው ስንፍና ነው።

ያን ዕለት ይህን ሁሉ ለመናገር ፋታ አላገኘሁም። ክርክሩ ሲበርድ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጣልቃ አስገባሁ፤ «ለመሆኑ ሰውየው ማንን አብልቷል?» አልሁ። ሦስቱም ዞረው አዩኝ። የመጀመሪያው በትዕግሥት፣ ልክ እኔ በልጅነቴ አያቴን እንዳረምኋት፣ «ያልበላ ነው እኮ የሚባለው» ሲል አረመኝ።