አንድ ድግምት፣ ብዙ ጨረር፦ የጥቃት ዳይስ አጣጣል በጠረጴዛ የሚና ጨዋታዎች

በጠረጴዛ ዙሪያ በሚካሄዱ የሚና ጨዋታዎች እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይይዛል፤ የጨዋታው መሪ ደግሞ ዓለሙን፣ ጠላቶቹንና የሚደርሰውን ሁሉ ይተርካል። ገጸ ባሕርዩ የሞከረው ነገር መሳካቱ ሲያጠራጥር ፍርዱን የሚሰጠው ዳይስ ነው። የዘርፉ ፈር ቀዳጅ የሆነውን ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ፈጥረውት እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ታተመ። አምስተኛው እትም በ2014 ወጥቶ በ2024 ታድሷል። በዚህ እትም የሚያጠቃ ሰው ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጥላል፤ በወጣው ቁጥር ላይ የችሎታውንና የልምዱን ጭማሪ ይደምራል፤ ድምሩ ከዒላማው የጥሩር ቁጥር (ዒላማውን መምታት ምን ያህል እንደሚከብድ ከሚያሳየው ቁጥር) ካላነሰ ምቱ ያርፋል። ዳይሱ ራሱ 20 ካሳየ ምቱ ያለ ጥርጥር ያርፍና የጉዳቱ ዳይስ ብዛት እጥፍ ይሆናል። 1 ካሳየ ግን ምንም ጭማሪ አያድነውም።

ለአንድ የጎራዴ ምት ወይም ለአንድ ቀስት ይህ በቂ ነው። አንድ ድግምት ሦስትና አራት ጨረር ሲተፋ ግን ጥያቄ ይነሳል፤ ዳይሱ የሚጣለው ለድግምቱ ነው ወይስ ለየጨረሩ? ጊዜ ለመቆጠብ ብለው አንድ ጊዜ ጥለው ውጤቱን ለሁሉም ጨረር የሚያውሉ ተጫዋቾች አሉ። ደንቡ የሚለው ሌላ ነው፤ ደንቡም ልክ ነው።

ሁለቱ የታወቁ ድግምቶች ኤልድሪች ብላስትና ስኮርቺንግ ሬይ ናቸው። የመጀመሪያው ዋርሎክ የሚባለው አስማተኛ ያለ ገደብ ሊደጋግመው የሚችለው ጥቃት ሲሆን፣ እስከ 120 ጫማ ይደርሳል፤ እያንዳንዱ ጨረር በባለ 10 ገጽ ዳይስ የሚለካ ጉዳት ያደርሳል። ገጸ ባሕርዩ 5ኛ ደረጃ ሲደርስ ጨረሩ ሁለት፣ በ11ኛው ሦስት፣ በ17ኛው አራት ይሆናል። ስኮርቺንግ ሬይ የሁለተኛ ደረጃ ድግምት ነው (ይህ ደረጃ የድግምቱ እንጂ የገጸ ባሕርዩ አይደለም)፤ ሦስት የእሳት ጨረር ይወረውራል፤ እያንዳንዱ ሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ጉዳት አለው፤ ከፍ ባለ ደረጃ ሲደገም በየደረጃው አንድ ጨረር ይጨመርለታል። በሁለቱም ለእያንዳንዱ ጨረር የተለየ የጥቃት ዳይስ ይጣላል። ጨረሮቹን በአንድ ጠላት ላይ ማከማቸትም ለብዙዎች ማከፋፈልም ይቻላል።

ልዩነቱ በስሌት ሲታይ ጎልቶ ይወጣል። ጭማሪው 5 የሆነ አስማተኛ የጥሩር ቁጥሩ 14 በሆነ ጠላት ላይ ስኮርቺንግ ሬይ ቢወረውር፣ ዳይሱ 9 ወይም ከዚያ በላይ እንዲያወጣለት ያስፈልጋል፤ ዕድሉም 60 በመቶ ነው። ሦስቱ ጨረሮች ለየብቻ ሲጣሉ ሁሉም የመሳት ዕድላቸው 6.4 በመቶ ብቻ ነው፤ አንድ ብቻ የሚመታው በ28.8 በመቶ፣ ሁለት በ43.2 በመቶ፣ ሦስቱም በ21.6 በመቶ ነው። በአንድ ዳይስ ቢወሰን ኖሮ 60 በመቶው ሦስት ምት፣ 40 በመቶው ባዶ እጅ ይሆን ነበር። አማካዩ ጉዳት በሁለቱም መንገድ እኩል ነው፤ የሚለወጠው የአደጋው መልክ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ድግምት በጥቂቱ ብቻ የሚገኝ ሀብት ስለሆነ፣ ከአሥር ጊዜ አራቱን እንዲሁ የሚባክን መሣሪያ ማንም አይመርጥም። ቢያንስ በአንዱ ዳይስ 20 የማግኘት ዕድልም በሦስት ጨረር ወደ 14 በመቶ፣ በአራት ጨረር ወደ 18.5 በመቶ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን የሚደርበው የዚያን አንድ ጨረር ጉዳት ብቻ ነው።

ከብዛቱ በላይ ግን ቅደም ተከተሉ ነው ጨዋታውን የሚያጣፍጠው። ጨረሮቹ በአንድ ቅጽበት ይወጣሉ ወይስ ተራ በተራ? አሳታሚው ባወጣው ይፋዊ የማብራሪያ ስብስብ መሠረት ዒላማ መምረጡም ጥቃቱን መፈጸሙም ተራ በተራ ነው። አስማተኛው የመጀመሪያውን ጨረር ይለቃል፣ ውጤቱን ያያል፣ ከዚያ ሁለተኛውን ወዴት እንደሚልክ ይወስናል። ጠላቱ በመጀመሪያው ከወደቀ ቀሪዎቹ ወደ ሌላው ይዞራሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 በታደሰው የሦስተኛው እትም ደንብ ይህ ነጻነት አልነበረም፤ የስኮርቺንግ ሬይ ጨረሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቀቁ ነበር፤ ዒላማዎቹም እርስ በርስ ከ30 ጫማ በላይ መራራቅ አይችሉም ነበር። በእኔ እይታ አምስተኛው እትም ካስገኛቸው መልካም ለውጦች አንዱ ይህ ነው፤ ዕድል ብቻ ይወስነው የነበረውን ቦታ ለተጫዋቹ ሐሳብ ከፍቶለታል።

ከዚህ ቅደም ተከተል ብዙ ነገር ይከተላል። ተደብቆ የሚያጠቃ ሰው ሁለት ዳይስ ጥሎ የሚበልጠውን ይወስዳል፤ ጥቃቱ ቢመታም ቢስትም ግን ያለበት ቦታ ይታወቃል፤ ስለዚህ ብልጫው የሚያገለግለው ለመጀመሪያው ጨረር ብቻ ነው። አጋር ያስገኘለት የአንድ ጥቃት ብልጫም እንዲሁ በአንድ ጨረር ያልቃል። በአንጻሩ ጠላት በ5 ጫማ ውስጥ ቆሞ ከሆነ ሁለት ዳይስ ጥሎ ያነሰውን የመውሰዱ ጫና ለሁሉም ጨረር ይደርሳል።

በመከላከል በኩል ደግሞ ሺልድ የሚባለው ድግምት አለ። የተመታው ሰው በቅጽበታዊ ምላሽ የጥሩር ቁጥሩን በ5 ከፍ ያደርጋል፤ ጭማሪው የመጣውን ጨረር ጨምሮ እስከሚቀጥለው ተራው መጀመሪያ ድረስ ይቆያል። ስለዚህ ብልህ አስማተኛ ሺልድ መነሳቱን እንዳየ ቀሪዎቹን ጨረሮች ወደ ሌላ ያዞራል። አንድ ዳይስ ለሁሉም የሚጥል ጠረጴዛ ይህን ውሳኔ ያጣል።

አንዳንድ ድግምት የሚጸናው አስማተኛው ትኩረቱን እስከያዘ ድረስ ብቻ ነው፤ ያንን ትኩረት ለማፍረስም ብዙ ጨረር ኃይለኛ ነው። ትኩረቱን ይዞ ያለ አስማተኛ ጉዳት በደረሰበት ቁጥር የመቋቋም ዳይስ ይጥላል፤ ማለፊያው 10 ወይም የጉዳቱ ግማሽ ነው፣ የበለጠው ይያዛል። ጭማሪው 2 የሆነ ሰው 10ን የሚያልፈው በ65 በመቶ ዕድል ነው። ሦስት ጨረር ካረፈበት ሦስት ጊዜ ማለፍ አለበት፤ ያ ዕድል ወደ 27 በመቶ ይወርዳል። በየምቱ የሚጨመር ጉዳትም እንዲሁ በየጨረሩ ይደመራል። ለምሳሌ ሄክስ የሚባለው የዋርሎክ ድግምት ለያንዳንዱ ምት አንድ ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይጨምራል። የዋርሎኩ አራት ጨረር ከጦረኛው ተደጋጋሚ የጎራዴ ምት ጋር የሚፎካከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ማጂክ ሚሳይል የሚባለው ድግምት ከዚህ ሁሉ ይለያል። ሦስት ፍላጻዎቹ ያለ ጥቃት ዳይስ ያርፋሉ፤ እያንዳንዳቸው ባለ 4 ገጽ ዳይስ ሲደመር 1 ጉዳት አላቸው፤ ደንቡም በአንድ ጊዜ እንደሚመቱ በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ ዒላማዎቹ አስቀድመው ይመረጣሉ። ጥቃት ስላልሆነ የጥሩር ቁጥር አይመለከተውም፤ ሺልድ ግን ሙሉ በሙሉ ይመክተዋል። ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የጀማሪዎች ደንብ እንደ ቀስት ዳይስ እንዲጣልለት ያዝዝ ነበር፤ በ2008 የታተመው አራተኛው እትምም የጥቃት ዳይስ አስገብቶ በ2010 ወደ ማይስተው ፍላጻ መልሶታል። ፍላጻዎቹ በአንድ ጊዜ ሲያርፉ ትኩረት አንድ ጊዜ ይፈተን ወይስ ሦስት ጊዜ የሚለው ዛሬም ጠረጴዛዎችን ይለያያል። ፓዝፋይንደር የተባለው ተፎካካሪ ጨዋታ በ2019 ባወጣው ሁለተኛ እትሙ በአንድ ኢላማ ላይ ያረፉት ፍላጻዎች ጉዳት አስቀድሞ እንዲደመር በማዘዝ አብዛኛውን ክርክር ዘግቶታል።

ለጊዜ የሚጨነቁ ቡድኖች ሦስት ባለ 20 ገጽ ዳይስ በተለያየ ቀለም ይዘው በአንድ ጊዜ ይጥላሉ፤ ከመጣላቸው በፊት ቀዩ የመጀመሪያው፣ ሰማያዊው ሁለተኛው፣ ነጩ ሦስተኛው ጨረር መሆኑን ይናገራሉ። ጨረሮቹ ሁሉ ወደ አንድ ትልቅ ጠላት የሚሄዱ ከሆነና ያ ጠላት በቶሎ የማይወድቅ፣ ሺልድ የመሰለ ምላሽም የሌለው ከሆነ ይህ ምንም አያጎድልም። ጠላቱ አስማተኛ ከሆነ ወይም ሊወድቅ ከተቃረበ ግን ዳይሱን አንድ በአንድ መጣል፣ በየመካከሉም መሪው የሆነውን እስኪናገር መጠበቅ ይሻላል።