በቴሌግራም ሪፕላይና ኮት (quote) ምንና ምን ናቸው?

ደሴ ውስጥ በእድራችን የቴሌግራም ግሩፕ አንዱ «ድንኳኑ ስንት ሰዓት ይተከላል?» ይላል፤ ሌላው «ቀብሩስ ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከሥር «ስምንት ሰዓት» የሚል መልስ ብቻውን ይመጣል። የየትኛው ጥያቄ መልስ ነው? ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ቀብር ለመድረስ ለሚጣደፍ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሪፕላይ መልሳችሁን ከጥያቄው ጋር ያስራል። መልእክቱን ወደ ግራ ጎተት አድርጋችሁ ትጽፋላችሁ፤ ጠያቂው የግሩፑን ድምፅ ቢያጠፋም ማሳወቂያው ይደርሰዋል።

ኮት ደግሞ ከረጅም መልእክት ውስጥ የምትመልሱበትን ቃል ብቻ መርጦ ማውጣት ነው። ቴሌግራም ይህን የጨመረው በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ነው። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ አባል «ደረሰኝ ካልተሰጠኝ አልከፍልም» ብለው ጽፈው ሳለ «አልከፍልም» የሚለውን ብቻ ቆርጦ መመለስ የሰው ቃል ማጣመም ነው። ሰው በጎረቤቱ ፊት የሚዋረደው እንዲህ ነው፤ እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው። ስለዚህ «ካልሆነ»፣ «ከሆነ»፣ «ግን» የሚሉትን ቃላት አብራችሁ ውሰዱ።

የድምፅ መልእክትን ቆርጦ ኮት ማድረግ ስለማይቻል፣ ሪፕላይ አድርጋችሁ የምትመልሱበት ነጥብ ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንዳለ ጻፉ።