«ብርድ መትቶሽ ነው»፦ ስለ ሴቶች የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በስሕተት የሚወራውና እውነታው

ሽንት ያቃጥላል። አሁን ወጥተው አሁን ሽንት ሽንት ይላል፣ ሲሄዱ ግን ጠብታ ነው። ከሴቶች ግማሽ ያህሉ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ ይይዛቸዋል። ስለ ሕመሙ የሚወራው ግን ብዙው ስሕተት ነው።

«ብርድ መትቶሽ ነው»

ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ መቀመጥ አያመጣውም። የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይ። ከፊንጢጣ አካባቢ ተነስቶ በሽንት ቧንቧ በኩል ወደ ፊኛ ይወጣል። የሴት ቧንቧ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ የወንድ 20 ይጠጋል። ሴቶችን የሚያጠቃው በዋናነት መንገዱ አጭር ስለሆነ ነው።

«ባሏ አምጥቶባት ነው»

ይህ ወሬ ስንት ቤት እንደበጠበጠ እግዜር ይወቀው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የአባላዘር በሽታ አይደለም። ግንኙነት የሴቷን የራሷን ባክቴሪያ ወደ ቧንቧው ሊገፋ ይችላል፤ ለዚህ ነው ከግንኙነት በኋላ መሽናት የሚመከረው። ባል መድኃኒት መውሰድ አያስፈልገውም። ፈሳሽ፣ ማሳከክ ወይም ቁስል ካለ ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ጨብጥና ክላሚዲያም ሽንት ያቃጥላሉ፣ መመርመር ነው።

«ላብራቶሪው ኢንፌክሽን አለ ካለ፣ አለ»

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ለራስ ምታት ክሊኒክ ገብታ፣ ሽንት ሰጥታ፣ «ኢንፌክሽን አለብሽ» ተብላ መድኃኒት ይዛ የምትወጣ ሴት ብዙ ናት። ወረቀቱ ላይ «ፐስ ሴል» ተጽፏል፤ እሷ ግን አያቃጥላትም፣ ሽንት ሽንትም አይላትም። ያ ነጭ የደም ሴል ናሙናው በደንብ ስላልተወሰደ ከብልት ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። «ኤፒተልያል ሴል» (ከቆዳና ከብልት ሽፋን የሚረግፍ ሴል) በዛ ከተባለም ይኸው ነው የሚጠረጠረው። ስለዚህ ታጥቦ፣ የመጀመሪያውን ሽንት አፍስሶ፣ መሀል ላይ ያለውን መያዝ።

ምልክት ሳይኖር ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መገኘቱም፣ በተለይ በዕድሜ በገፉ ሴቶች፣ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አይታከምም። ነፍሰ ጡር ግን ትታከማለች፣ ወደ ኩላሊት የመውጣት ዕድሉ ከፍ ስለሚል።

ተቃራኒውም አለ። ወረቀቱ ንጹሕ ነው ማለት በሽታ የለም ማለት ላይሆን ይችላል። ናይትራይት የሚባለው የባክቴሪያ ምልክት በምርመራው እንዲታይ ሽንቱ ፊኛ ውስጥ ጥቂት ሰዓት መቆየት አለበት። ነፍሰ ጡር ያልሆነች ወጣት ሴት ምልክቶቹ ግልጽ ከሆኑና ፈሳሽ ከሌላት ሐኪም ያለ ላብራቶሪም ሊያክማት ይችላል። ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚያይ ምርመራ) የሚያስፈልገው ሲመላለስ፣ መድኃኒቱ ሳይሠራ ሲቀር፣ በእርግዝና ወይም ኩላሊት ሲጠረጠር ነው።

«ሲፕሮ ስጡኝ፣ ባለፈው አድኖኛል»

ባለፈው ያዳነ መድኃኒት ዛሬ ላያድን ይችላል። ባክቴሪያዎቹ ለአሞክሳሲሊንም ለሲፕሮፍሎክሳሲንም እየተላመዱ ነው፤ ሲፕሮ ደግሞ ጅማትን የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ለቀላል የፊኛ ኢንፌክሽን የሚቀድሙት እንደ ናይትሮፉራንቶይን ለ5 ቀን ወይም ፎስፎማይሲን አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጡት ናቸው። መምረጡ የሐኪም ነው። ከጎረቤት የተረፈ ሁለት ፍሬ መዋጥ ግን ሕክምና አይደለም።

«ቢራ ያጥበዋል»

አያጥበውም። ውኃ ይሻላል። ትንሽ ውኃ የሚጠጡና በሽታው የሚመላለስባቸው ሴቶች በቀን 1.5 ሊትር ሲጨምሩ ድግግሞሹ በግማሽ ያህል ቀንሷል።

«ተመላለሰብኝ፣ ኩላሊቴ አለቀ»

በ6 ወር 2 ጊዜ ወይም በዓመት 3 ጊዜ ከመጣ «ተመላላሽ» ይባላል። ሌላ ችግር በሌለባት ሴት ከፊኛ ያላለፈ ኢንፌክሽን ኩላሊትን አያበላሽም። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ከሆነ፣ በብልት የሚደረግ የኢስትሮጅን ክሬም ድግግሞሹን ይቀንሳል፤ ሐኪም ካላነሳው ጠይቂው። ኩላሊት ጋ መድረሱን የሚጠቁሙት ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ሕመምና ማስመለስ ናቸው። ያኔ ነገ አይባልም፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ነው።