የፓርኪንግ ክፍያና የትራፊክ ቅጣት አንድ አይደሉም

ይህን የምጽፈው «ጎንደር ፒያሳ ለፓርኪንግ ልጆቹ ከፍዬ ትራፊክ ደግሞ ቀጣኝ፤ ሁለቴ ነው እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ስለተደጋገመ ነው።

ልጆቹ የሚቀበሉት የቦታ አገልግሎት ክፍያ ነው። ቦታውን የሚለየውና ታሪፉን የሚያወጣው ከተማ አስተዳደሩ ነው። ቅጣቱ ግን የትራፊክ ፖሊስ ሥራ ነው፤ መነሻውም ለመላ አገሪቱ የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ነው። ደረሰኝ (መቀበልዎን አይርሱ) የተከለከለን ቦታ አያስፈቅድም።

ዋናው ምልክቱ ነው። ቀይ ጠርዝ ያለው ሰማያዊ ክብ ላይ አንድ ቀይ ሰረዝ ካለ መኪና አቁሞ መሄድ ክልክል ነው፤ ሰው ማውረድ ግን ይቻላል። ሰረዞቹ ከተጠላለፉ ለአፍታም አይቆምም። ለምሳሌ አንድ ሰረዝ ባለበት እናትዎን አውርደው ወዲያው ከተንቀሳቀሱ ጥፋት የለም። «አንድ ደቂቃ» ብለው ፋርማሲ ከገቡ ግን ፓርክ አድርገዋል፤ ሞተሩ ባይጠፋም፣ አራቱም ፍሬቻ ቢበራም።

ሱቅ ፊት ለፊት ጎማና ድንጋይ ደርድሮ ቦታ መያዝስ? መንገዱ የሕዝብ ነው፤ ያለ አስተዳደሩ ፈቃድ ባለሱቁ ሊከለክልዎት አይችልም።

ታሪፉ፣ ሰዓቱና የሚፈቀዱት መስመሮች ይለዋወጣሉ። ለጥምቀት ወደ ፋሲለደስ መዋኛ የሚወስዱት መንገዶች ሲዘጉ፣ ትናንት የተፈቀደ ቦታ ዛሬ ሊከለከል ይችላል።