ስለ አንዲት ጀማሪ የሸክላ ቀራፂ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጅማ በእንጨት ሥራዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ያልገባበት አገር የለም ማለት ይቻላል። በዚሁ ከተማ በአናጢ ቤት ያደገች አንዲት ወጣት እንጨቱን ትታ የሰውን ፊትና ትከሻ በሸክላ መሥራት ስትጀምር፣ ብዙዎች ሥራዋን በቅጡ ሳያዩ የፈረዱት ምናልባት በዚህ ምክንያት ይሆናል። ደጋግመው የሚነሡትን አስተያየቶች አንድ በአንድ መመርመር ይገባል።

«ሸክላ ለጀበናና ለምጣድ እንጂ ለቅርፃ ቅርፅ አይሆንም» የሚለው ቀዳሚው ነው። በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ፣ ዶልኒ ቬስቶኒትሴ በተባለ ስፍራ የተገኘችው በእሳት የጠነከረች የሸክላ የሴት ምስል ከ25,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አላት፤ እስካሁን ከታወቁት የሸክላ ዕቃዎች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት መካከል የሆኑት የቻይና ማሰሮዎች ግን 20,000 ዓመት ገደማ ናቸው። ሰው ጭቃን በእሳት ያጠነከረው ለምስል ሲል፣ ለማብሰያ ከማዋሉ በፊት ነው ማለት ነው። በአገራችንም ከአክሱም መቃብሮች አንገታቸው በሰው ራስ አምሳል የተበጀ የሸክላ ዕቃዎች ወጥተዋል።

«የአናጢ ልጅ ስለሆነች ጭቃውንም ትጠርበዋለች» የሚሉም አሉ። እንጨት እየተቀነሰ ቅርፅ ይይዛል፤ የእርሷ ምስሎች ግን እየተጨመሩ ያድጋሉ። ለገበያ ጀበና ከሚሠሩ እናቶች እንደተማረችው፣ ጭቃውን ከተፈጨ ገል ጋር አቡክታ፣ እንደ ገመድ እያድቦለቦለች ዙሪያውን ትደራርበዋለች፤ የታችኛው ጠንከር እስኪል ትጠብቅና የላይኛውን ትቀጥላለች። ጠጣር የሚመስለው ትከሻ ውስጡ ባዶ ሲሆን፣ የግድግዳው ውፍረት ከአውራ ጣት አይበልጥም።

ከሁሉም ይበልጥ ሥር የሰደደው ስሕተት «ምስል እሳት ውስጥ የሚፈነዳው በጭቃው ውስጥ አየር ታፍኖ ስለሚቀር ነው» የሚለው ነው፤ ይህን ሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎችም ይሉታል። ጥፋቱ በአብዛኛው የውኃ ነው። በጭቃው ውስጥ የቀረ እርጥበት 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ወደ እንፋሎት ተለውጦ መጠኑ 1,600 እጥፍ ገደማ ስለሚጨምር፣ መውጫ ሲያጣ ግድግዳውን ይሰነጥቀዋል። በደንብ የደረቀ ሸክላ የአየር ከረጢት ቢኖርበትም ሊተርፍ ይችላል፤ መሐሉ ያልደረቀ ወፍራም ምስል ግን አየር ባይኖርበትም ይፈነዳል። ዝናብ በሚበዛባት ጅማ፣ በተለይ በክረምት፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወጣቷ ጆሮና ጣትን የመሳሰሉ ስስ ክፍሎች ከቀሪው ቀድመው ደርቀው መጋጠሚያቸው ላይ እንዳይሰነጠቁ በላስቲክ ትሸፍናቸዋለች፤ ከምስሉ ሥርም ለእንፋሎቱ ትንሽ ቀዳዳ ትተዋለች። ፀሐይ ብቻ ያደረቀው ጭቃ ውኃ ሲነካው ተመልሶ ይሟሟል። ከአፈሩ ጋር በኬሚካል የተሳሰረው ውኃ የሚለቀው ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ባለው ሙቀት በመሆኑ፣ ጭቃ ሸክላ የሚሆነው ይህን ሲያልፍ ነው።

ጥቁሮቹ ምስሎቿ ቀለም የተቀቡ አይደሉም። እሳቱ አየር ሲነፈገው የጭሱ ካርቦን ሸክላው ውስጥ ይሰርፃል፤ አየር በደንብ ሲያገኝ ግን በአፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ያቀላዋል።

«ሸክላ በዘር የሚወረስ ዝቅ ያለ ሥራ ነው» የሚለው ግን ከስሕተትም በላይ በደል ነው። በብዙ የአገራችን አካባቢዎች ሸክላ ሠሪዎች ቡዳ እየተባሉ ከጋብቻ ተገልለዋል፤ የሚያገልላቸውም ሰው ቡናውን የሚያፈላው እነርሱ በሠሩት ጀበና ነበር። ናይጄሪያዊቷ ላዲ ክዋሊ ሸክላን የተማረችው በልጅነቷ ከአክስቷ ሲሆን፣ ዛሬ ምስሏ በአገሯ የ20 ናይራ ኖት ላይ ይገኛል። በኬንያ የተወለደችው ማግዳሊን ኦዱንዶ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ ናይጄሪያ ሄዳ ከአካባቢው ሸክላ ሠሪ ሴቶች የእጅ አሠራር ቀስማለች፤ ያለ መሽከርከሪያ በእጅ የምትገነባቸው ሥራዎቿም የብሪቲሽ ሙዚየምን በመሳሰሉ ስፍራዎች ይገኛሉ። የጅማዋ ወጣትም ማን እንዳስተማራት ስትጠየቅ ከሁሉ አስቀድማ ጀበና ሠሪዎቹን እናቶች ትጠራለች፤ በእኔ እምነት ሥራዋ ለሕዝብ በሚታይበት ቦታ ሁሉ ስማቸው አብሮ ሊጻፍ ይገባል።